ፎርማት ከማለትዎ በፊት ገመዱን ይቀይሩ

ጥያቄው፦ «ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን የምኖር መምህር ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት የገዛሁት ባለ 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አለኝ። በአሮጌው ላፕቶፔ ያለ ችግር ይሠራ ነበር። በቅርቡ ዩዝድ ላፕቶፕ ገዛሁ። በሱ ስሰካው መብራቱ ይበራል፣ ላፕቶፑም የመሰካት ድምፅ ያሰማል። ወዲያው ግን የመነቀል ድምፅ ይከተላል። እንዲህ እየደጋገመ ይቀጥላል። ሁለት ጊዜ ደግሞ ‹ፎርማት ይደረግ ወይ?› ብሎ ጠየቀኝና እምቢ አልኩት። አንድ ኮምፒውተር ቤት ብወስደው ‹ፎርማት ካልተደረገ አይሠራም› አሉኝ። ውስጡ የ11 ዓመት የማስተማሪያ ማስታወሻዬና በሕይወት የሌሉት እናቴ ፎቶዎች አሉ። ምን ባደርግ ይሻለኛል?»

መምህር፣ እምቢ ማለትዎ በጣም ደስ ብሎኛል። የእናትዎ ፎቶዎች እስካሁን ዲስኩ ላይ ካሉ ያተረፋቸው እሱ ነው። አሁንም አንድ ነገር ልለምንዎት። ይህን አንብበው እስኪጨርሱ ዲስኩን አይሰኩት። ፎርማት፣ ኢኒሻላይዝ፣ ሪፔር የሚል ነገር ከመጣም አይጫኑ።

የኮምፒውተር ቤቱን ልጆች አልፈርድባቸውም። እነሱ የተመለከቱት ዕቃውን ነው። ፎርማት ቢያደርጉት፣ ማለትም ባዶ አድርገው እንደ አዲስ ቢያዘጋጁት፣ ዲስኩ ምናልባት ተነስቶ ይሠራል፣ እነሱም ሥራቸውን ጨረሱ ማለት ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ግን ውስጡ ያለውን ነው። ባዶ 1 ቴራባይት ዲስክ ሱቅ ሄደው ይገዛሉ፤ የእናትዎን ፎቶ ግን የሚሸጥ ሱቅ የለም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምልዎት ሁሉ ፋይሉን በማትረፍ ላይ የቆመ ነው። ዲስኩ ከዚያ በኋላ ቢጣልም ይጣል።

አሁን ወደ ችግሩ። ይሰካል፣ ይነቀላል፣ ይሰካል፣ ይነቀላል ያሉት ምልክት ለኔ የታወቀ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ የሚበቃውን ኃይል እያገኘ አይደለም ማለት ነው። ትንሹ ኤክስተርናል ዲስክ የራሱ ቻርጀር የለውም። ዳታውንም መብራቱንም የሚያገኘው በአንድ ቀጭን ገመድ ነው። ውስጡ ያለው ዝርግ ሳህን በአብዛኛው በደቂቃ 5400 ጊዜ ይሽከረከራል። ይህ በሰከንድ 90 ዙር ነው። ከቆመበት ተነስቶ እዚያ ፍጥነት እስኪደርስ ብዙ ኃይል ይጠይቃል፣ ለጥቂት ሰከንድ ወደ 1 አምፒር የሚጠጋ። በደንቡ ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፒር (ግማሽ አምፒር) ነው፣ ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 900። ብዙ ላፕቶፖች ከደንቡ በላይ ስለሚለቁ ዲስኩ ይነሳል። ያረጀ ሶኬት ወይም የተጎዳ ገመድ ሲገጥመው ግን ኃይሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ባትሪው የደከመ መኪና ቁልፍ ሲዞርለት ሊነሳ ብሎ እንደሚያቃስተው ማለት ነው። ዲስኩ ሊነሳ ይሞክራል፣ ያጥረዋል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይሞክራል። የሚሰሙት ድምፅ ያ ነው።

የፎርማቱ ጥያቄም ከዚሁ ሊመጣ ይችላል። ዊንዶውስ አንድን ዲስክ ሲያገኝ መጀመሪያ የፋይሎቹን ማውጫ ያነባል። ንባቡ መሃል ላይ ከተቋረጠበት ወይም ማውጫው ከተበላሸበት ዲስኩ ባዶ ይመስለዋል። ያኔ ፎርማት ላድርገው ይላል። የዚያ መልእክት ትክክለኛ ትርጉም «ይህን ማንበብ አልቻልኩም» ነው፤ ፋይሉ ጠፍቷል ማለቱ አይደለም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ አሮጌው ላፕቶፕ አሁንም አለ? ካለ ገመዱን እንኳ ሳይቀይሩ እሱ ላይ ይሰኩት። ከከፈተልዎት ደስ ብሎዎት ወደ አዲሱ እንዳይመለሱ። እዚያው ቁጭ ብለው ይገልብጡ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጎትተው አይጣሉት። መጀመሪያ የእናትዎን ፎቶ ብቻ፣ በፍላሽም ቢሆን። ቀጥሎ ማስታወሻዎቹን። ፊልምና ሙዚቃ ካለ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። የደከመ ዲስክ መቼ እንደሚያቆም አይታወቅም፣ ስለዚህ ውዱ ነገር ይቅደም።

አሮጌው ከሌለ ወይም እሱም እንቢ ካለ ወደ ገመዱ እንምጣ። እዚህ ላይ ረዘም ማለቴን ይታገሱኝ፣ ምክንያቱም በኔ እጅ ካለፉት «የሞቱ» ዲስኮች ብዙዎቹ የዳኑት በገመድ ነው።

አንዲት ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏ ያለበትን ዲስክ ይዛ መጣች። ሦስት ቦታ ዞራለች። አንዱ ጋ «ሄዱ (ሳህኑን የሚያነበው ክፍል) ተቃጥሏል» ተብላለች። ስሰካው ልክ የእርስዎ እንዳለው አደረገ። ዲስኩን ወደ ጎን አድርጌ ገመዱን አነሳሁና ጫፉን በስልኬ መብራት አየሁት። ከቀጫጭኖቹ የብረት ጥርሶች አንዷ ወደ ውስጥ ሰርጋለች። አጠገቧ አረንጓዴ ዝገት አለ፣ ላብ ወይም ውሃ ነክቶት ይሆናል። ከመሳቢያዬ ሌላ ገመድ አውጥቼ ሰካሁ። አምስት ሰከንድ አልፈጀም፣ ፎልደሮቹ ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ። ልጅቷ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች አለቀሰች።

የእርስዎም ዲስክ የአራት ዓመት ዕድሜ ካለው ገመዱ በዲስኩ በኩል ሰፊና ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው ሳይሆን አይቀርም። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ክፍል ጎን ለጎን የተጣበቁበት ነው። ያ ሰፊ ጫፍ ደካማ ነው። ገመዱ በተነካ ቁጥር ሶኬቱን ወደ ጎን ይጎትተዋል። ብዙ ሰው ዲስኩን በገመዱ አንጠልጥሎ ያነሳዋል፣ ገመዱን በዲስኩ ላይ ጠምጥሞም ቦርሳ ውስጥ ይከተዋል። ሁለቱም ይጎዱታል።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርዎት። የዚያ ሰፊ ሶኬት ትልቁ ክፍል የድሮ ስልኮች ቻርጀር የሚገባበት ማይክሮ ዩኤስቢ ነው። ትንሹ ክፍል ለዩኤስቢ 3.0 ፍጥነት የተጨመሩ 5 መስመሮች አሉት። ስለዚህ ቤት ውስጥ የድሮ ሳምሰንግ ወይም የቴክኖ ገመድ ካለ ትልቁ ክፍል ላይ ብቻ ይሰኩት። ይሠራል። ዝግ ይላል እንጂ ያው ዲስክ ነው። ይህ ምንም ብር የማያስወጣ ሙከራ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ልብ ይበሉ። አንዳንድ ርካሽ የስልክ ገመዶች ቻርጅ ብቻ ያደርጋሉ፣ ዳታ አያልፍባቸውም። በጣም ቀጭንና ረጅም ከሆነም ኃይሉን ራሱ ገመዱ ይበላዋል። አጭርና ወፈር ያለውን ይምረጡ። የዲስክዎ ሶኬት ታይፕ ሲ ከሆነ ደግሞ ከስልክዎ ጋር የመጣውን ኦሪጅናል ገመድ ይሞክሩ።

ገመዱ በላፕቶፑ በኩል ስለሚገባበት ደግሞ እንነጋገር። ዩኤስቢ 3.0 አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው። ፈጣኖቹ ጥርሶች በገመዱ ጫፍ ውስጥ ወደ ኋላ ጠልቀው ነው ያሉት። ቀስ ብለው በግማሽ ከሰኩት ፈጣኖቹ በደንብ ላይነኩ ይችላሉ። ስለዚህ ቀጥ አድርገው እስከ መጨረሻው በአንድ ጊዜ ይሰኩ። ላፕቶፑ ዩዝድ ነው ብለዋል። የዩዝድ ላፕቶፕ የቀኝ ጎን ሶኬት ብዙ ጊዜ የተበላ ነው፣ የፊተኛው ሰው ማውስ ሲሰካና ሲነቅል የኖረበት ስለሆነ። ሁሉንም ሶኬት በየተራ ይሞክሩ።

«ፍላሽ ስሰካበት ይሠራል፣ ሶኬቱ ደህና ነው» የሚሉ አሉ። አያሳምንም። ፍላሽ የሚፈልገው ኃይል ጥቂት ነው፣ የሚሽከረከር ነገር የለበትም። ፍላሽ ያነሳ ሶኬት ዲስክ ሊያቅተው ይችላል።

ሲሞክሩ የላፕቶፑን ቻርጀር ይሰኩ፣ ማውሱንና ሌላውን ሁሉ ይንቀሉ። አንዱን ሶኬት ወደ አራት የሚያበዛ ሃብ ካለ ያውጡት። የራሱ መብራት የሌለው ሃብ የአንዱን ሶኬት ኃይል ለሁሉም ያካፍላል፣ ዲስክ ደግሞ ተካፍሎ አይጠግብም። ተቃራኒው ግን ይረዳል። ግድግዳ ላይ የሚሰካ የራሱ አዳፕተር ያለው ሃብ ከጓደኛ ቢዋሱ የኃይሉን ጥያቄ በአንድ ጊዜ ይመልስልዎታል።

ሌላ ቀላል ነገር አለ። ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ያጥፉት፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ያውጡት። የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙና መልሰው ያብሩት። አንዳንድ ጊዜ የዩኤስቢው ክፍል ተንጠልጥሎ ይቀርና በዚህ ይለቃል።

ከዚያ የዊንዶውስ ቅንብር አለ። ዲቫይስ ማናጀር ይክፈቱ፣ ከታች ዩኒቨርሳል ሲሪያል ባስ ኮንትሮለርስ የሚለውን ይዘርጉ። ዩኤስቢ ሩት ሃብ በሚሉት ላይ ፓወር ማኔጅመንት ገብተው ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ይህን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱ። እዚያው እያሉ ዲስኩ በቢጫ ምልክት ከታየ አንኢንስቶል ብለው ነቅለው መልሰው ይሰኩት። ይህ የሚያጠፋው ድራይቨሩን፣ ማለትም ዊንዶውስን ከዲስኩ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም ብቻ ነው፣ ፋይልዎን አይነካም። እውነቱን ለመናገር ግን እንደ እርስዎ ባለው ምልክት ላይ ይህ ቅንብር ጥፋተኛ ሆኖ ያገኘሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ገመዱን ሳይቀይሩ እዚህ ውስጥ አንድ ቀን አያጥፉ።

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ጆሮዎን ያዘጋጁ። ክፍሉ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ዘግተው፣ ዲስኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ጆሮዎን ጠጋ ያድርጉ። ደህና ዲስክ እንደ ትንሽ ነፋስ እሽ ይልና አንድ ሁለቴ ለስለስ አድርጎ ጠቅ ብሎ ይረጋጋል። ቀጭን ጡሩምባ የመሰለ ጢጥ ጢጥ ከሰሙ ሞተሩ መዞር አልቻለም ማለት ነው። ወይ ኃይል አጥሮታል፣ ወይ ማንበቢያው ሄድ ሳህኑ ላይ ተጣብቋል። በሌላ ገመድ፣ በሌላ ላፕቶፕም ጢጥ ካለ ሁለተኛው ሊሆን ይችላል። እኩል በሆነ ልዩነት ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ከሆነ ደግሞ ሄዱ መንገዱን ማግኘት አቅቶት እየተመላለሰ ነው። በሌላ ገመድና በሌላ ላፕቶፕ አንዴ ሞክረው ይኸው ድምፅ ከመጣ ወዲያው ይንቀሉት። በዚህ ሁኔታ እያንዳንዷ ደቂቃ ሳህኑን ልትፍቀው ትችላለች። ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ጠረጴዛ ላይ መምታት፣ ክዳኑን ከፍቶ ማየት የሚባሉትን ምክሮች አይስሙ። ሄዱ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፍበት ክፍተት ከአንድ ፀጉር ውፍረት በሺህ ጊዜዎች ያነሰ ነው። ቤት ውስጥ የሚበር አንድ ብናኝ ለሱ ቋጥኝ ነው።

ደብረ ብርሃን መሆንዎን ሲነግሩኝ ሁለት ነገር አሰብኩ። አንደኛው ብርዱ ነው። ብዙዎቹ ዲስኮች ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዲሠሩ አይመከርም። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት እናንተ ጋ ከዚያም ይወርዳል። ከብርድ የገባ ዲስክ ላይ ሙቅ ክፍል ውስጥ ጤዛ ሊይዝበትም ይችላል። ከቦርሳ አውጥተው ወዲያው አይሰኩት፣ አንድ ሰዓት ያህል ክፍሉን ይልመድ። ሁለተኛው ከፍታው ነው። ሄዱ የሚንሳፈፈው በአየር ነው፣ አየሩ ሲሳሳ ወደ ሳህኑ ይጠጋል። አምራቾች ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጡት ወሰን 3048 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ደህና ነዎት። ተማሪዎችን ይዘው መንዝ ጓሳ ለጉብኝት ቢወጡ ግን ከ3200 ሜትር በላይ ነውና ዲስኩን እዚያ አያሠሩት። የሚሽከረከር ነገር የሌለው ኤስኤስዲ ይህ ችግር የለበትም።

አሁን ዲስኩ ተረጋግቶ ተሰካ እንበል፣ መመላለሱ ቆመ፣ ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ አይታይም። የጀምር ምልክቱ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው ዲስክ ማኔጅመንት ይክፈቱ። እዚያ የሚያዩት ቀለምና ጽሑፍ ሁሉን ይነግርዎታል። ሰማያዊ መስመር ኖሮት ሄልዚ ካለና ፊደል ብቻ ከሌለው ችግሩ ቀላል ነው። በቀኝ ጠቅ አድርገው ቼንጅ ድራይቭ ሌተር ውስጥ ገብተው እንደ ኤም ያለ ያልተያዘ ፊደል ይስጡት። ፋይልዎ ሙሉ ሆኖ ይመጣል። ሮው ካለ ዲስኩ አለ፣ ማውጫው ግን አይነበብም። ጥቁር መስመር ኖሮት አንአሎኬትድ ካለ ክፍልፋዩ (ፋይሎቹ የተቀመጡበት የዲስኩ ክፍል) ራሱ አልታየም። ኢኒሻላይዝ ላድርግ የሚል መስኮት ከመጣ ካንስል ብለው ይውጡ። ሮውም ሆነ አንአሎኬትድ ቢል ፋይሉ ብዙውን ጊዜ ቦታው ላይ አለ። ከዚህ በኋላ የሚጻፍበት ነገር ነው የሚያጠፋው።

ቼክ ዲስክ አሠራው የሚልዎት ሰው ይመጣል። እኔ በዚህ ደረጃ አላሠራም። ቼክ ዲስክ የተጻፈው ማውጫውን ለማስተካከል ነው። ያልገባውን ፋይል ስሙን ገፎ ቁርጥራጭ አድርጎ ሊያስቀምጠው ይችላል። የደከመ ዲስክ ላይ ደግሞ ለሰዓታት እያስሮጠ ይገድለዋል። ቅጂ ከያዙ በኋላ የፈለገውን ያድርግ።

መንገዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ጤና ይዩ። ሰማያዊ ከሆነ መልካም ነው። ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ ሳህኑ ላይ የማይነበቡ ቦታዎች አሉ ማለት ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ላይ ሥራውን ለባለሙያ ይስጡ። ቀጥሎ 1 ቴራባይት ወይም ከዚያ በላይ ባዶ ቦታ ያለው ሌላ ዲስክ ይፈልጉ፣ የዲስኩ ሙሉ ምስል፣ ማለትም ከዳር እስከ ዳር ያለው ቅጂ፣ እዚያ ላይ ይገልበጥ። ዲዲሬስኪዩ የሚባለው የሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ሌላ ሥርዓት) ፕሮግራም ለዚህ ነው የተሠራው። መጀመሪያ ጤነኛውን ቦታ ሁሉ ያነሳል፣ አስቸጋሪውን ለመጨረሻ ይተዋል። ከዚያ ፋይል የማውጣቱ ሥራ ቅጂው ላይ ይካሄዳል። ቴስትዲስክ የጠፋውን ማውጫ ይመልሳል። እሱ ካልቻለ ፎቶሬክ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ይለቅማል፣ የፋይል ስማቸው ግን ይጠፋል። ሁለቱም ነፃ ናቸው።

የፎርማትን ነገር አጥብቄ የምናገረው አንድ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ወዳጄ ስላጋጠመው ነው። የእሱም ዲስክ ፎርማት ጠየቀው። እሺ አለ። ዲስኩ ሠራ። የሠርጉ ቪዲዮ አለመኖሩን ያወቀው ከሳምንት በኋላ ነው፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ ሌላ ሁለት ሠርግ ገልብጦበታል። ኩዊክ ፎርማት ብቻ ሆኖ ቢቆም ኖሮ ማውጫው ብቻ ነበር የሚጠፋው፣ ብዙውን አወጣለት ነበር። አዲሱ ቪዲዮ የተጻፈበትን ቦታ ግን ማንም አይመልሰውም። ሙሽሮቹ ከአንድ ሰው ስልክ ላይ በተገኘ የአራት ደቂቃ ቪዲዮ ቀሩ። ኩዊክ የሚለው ምልክት ተነስቶ የሚደረገው ፎርማት ከዚህም ይብሳል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ እሱ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላዋል። ያንን ማንም ባለሙያ አይመልስም።

ገመድ ተቀይሮ፣ ሌላ ላፕቶፕ ተሞክሮ፣ መብራቱ እየበራ ዲስኩ ግን ዝም ካለ አንድ ተስፋ አለ። በብዙ ኤክስተርናሎች ውስጥ ያለው ተራ የላፕቶፕ ሳታ ዲስክ ነው። ጫፉ ላይ ወደ ዩኤስቢ የምትለውጥ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ትሰካለች። የምትቃጠለው ብዙ ጊዜ እሷ ናት። ባለሙያ የፕላስቲክ ልባሱን ብቻ ከፍቶ ዲስኩን በሌላ ኬዝ ይሰካዋል። የፕላስቲክ ልባሱን መክፈትና የብረቱን ዲስክ መክፈት የተለያዩ ናቸው፣ ሁለተኛውን ማንም ሱቅ ውስጥ እንዳይነካው። ደግሞም አንዳንድ ኩባንያዎች ዩኤስቢውን ከዲስኩ ሰሌዳ ጋር በብየዳ አያይዘውታል። አንዳንዶቹም ሰሌዳዋ ዳታውን እንድትቆልፍ አድርገዋታል፣ በሌላ ኬዝ ሲሰካ ባዶ ይመስላል። ስለዚህ የወጣችው ሰሌዳ አትጣል፣ ከዲስኩ ጋር ትመለስልዎ።

ጥገና ቤት ከሄዱ ዲስኩን ከመስጠትዎ በፊት «ዕቃው ባይሠራም ግድ የለኝም፣ ፋይሉን ነው የምፈልገው፣ ምንም ነገር እንዳይጻፍበት» ይበሏቸው። በወረቀት ይጻፉትና ዲስኩ ላይ ይለጥፉት፣ ለሠራተኛ ሲተላለፍ እንዳይረሳ። መጀመሪያ ቅጂ ትይዛላችሁ ወይ ብለው ይጠይቁ። መልሱ ግራ የሚያጋባ ከሆነ ዲስክዎን ይዘው ይመለሱ። አይቸኩሉ፣ ያልተሰካ ዲስክ ሳምንትም ወርም ቢቀመጥ ፋይሉ አይጠፋም።

አሁን ሦስት ነገር ይጻፉልኝ። ጆሮዎን ሲያስጠጉ የሰሙት ድምፅ ምን ዓይነት ነው? በሌላ ገመድ ሲሰኩት መመላለሱ ቆመ ወይስ ቀጠለ? ዲስክ ማኔጅመንት ላይ ምን የሚል ጽሑፍ አዩ? የስክሪኑን ፎቶ በስልክ አንስተው ቢያያይዙት ደግሞ ይበልጥ ይረዳኛል። እሱን ካየሁ ቀጥሎ የሚደረገውን እነግርዎታለሁ።